አንገቴን ያከመችው ሲስተር

አንገቴን ያመመኝ የወታደር ልብስ ስሰፋ ነው። በምሥራቅ ጦርነቱ የጋመበት ጊዜ ነበር፤ ንፋስ ስልክ ያለው የስፌት ፋብሪካችን የሲቪል ሸሚዝ መስፋቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ካኪ ብቻ ይሰፋል። እኔ የተመደብኩት ኮሌታ ላይ ነበር። ኮሌታ ከሁሉም ያስቸግራል። ካኪው ደረቅ ነው፤ ተደራርቦ መርፌው ሥር ሲገባ ዓይንሽን ካነሳሽ ጣትሽን ይበሳሻል። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ፣ በርጩማው ደግሞ ከፍ ያለ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እንደ አጫጅ አጎንብሰን ነበር የምንውለው።

መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይይዘኝ ነበር። ሁሉም የየራሱን ይለኛል። አንዷ ብርድ ነው ስትል ሌላዋ ትራስሽን ቀይሪ ትላለች። ትራስ እንኳ አልነበረኝም፤ ጋቢዬን አጣጥፌ ነበር የምተኛው። ከዚያ ሕመሙ ከማጅራቴ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ወረደ፣ ከትከሻዬ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ድረስ። ጣቶቼ እሾህ የተወጉ ያህል ይነዝሩኛል። አንድ ጠዋት ስነቃ ጭራሽ አንገቴ ወደ ግራ እንደዘመመ አልመለስ አለኝ።

አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ጓደኛ ነበረችኝ። ከአንድ አገር ነው የመጣነው፤ ፋብሪካውም የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። እሷ ኪስ ትሰፋለች። ያን ጠዋት አይታኝ ሳቀች።

«ማንን ልትሰሚ ነው ጆሮሽን የጣልሽው?» አለችኝ።

ከዚያ ግን ቅባት ይዛ መጥታ አሸችኝ። የፋብሪካው ክሊኒክ ያደረሰችኝም እሷ ናት።

የክሊኒኩን ሰውዬ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን እንጂ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር። የገባሁ ጊዜ ከፋብሪካው ካድሬ ጋር ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

«ምንሽን ነው?»

«አንገቴን ነው ዶክተር። አልዞር አለኝ። እጄንም ያደነዝዘኛል።»

ሁለቱ ተያዩ። ካድሬው፣ «ኮታው ከፍ ካለ ወዲህ የሴቱ ሁሉ አንገት ታመመ» አለ።

ድሬሰሩ አልነካኝም። ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞር፣ የተለጠፈውን መፈክር ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘዘኝ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል ነበር። አነበብኩ። ድገሚ አለኝ፤ ደገምኩ። በዚህ መሃል የመርፌ መቀቀያውን ብረት ሳህን አንስቶ ከኋላዬ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

ሰው ሲደነግጥ አንገቱን አያማክርም። ብርግግ ብዬ ዞርኩ። የጋለ ሽቦ ከማጅራቴ ገብቶ በጣቶቼ የወጣ መሰለኝ፤ በጉልበቴ ተደፋሁና እዚያው ሲሚንቶው ላይ አስመለስኩ።

«አየህ ጓድ?» አለ ድሬሰሩ። «ይዞራል።»

ካድሬው ከት ብሎ ሳቀ። ትውከቴን በራሴ ሻሽ አስጠርገውኝ ወደ ስፌት መኪናዬ መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው፣ በሕመም አሳበው ምርት የሚያጓትቱ ሰዎች መኖራቸው ተነገረ። ስሜን አልጠሩም፤ ግን ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ዞሬ ላያቸው አልቻልኩም።

እሑድ ጓደኛዬ ላፍቶ ያለ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ያን ጊዜ ላፍቶ እርሻ ነበር፤ በጤፍ ማሳ ዳር ዳር ነው የሄድነው። ወጌሻው የከብት ስብራትም ያሽ ነበር፤ ስንደርስ ከአንድ ወይፈን እግር ላይ ነው የተነሳው። እጁን በሱሪው ጠረገና አንገቴን ቅቤ ቀባው።

«ቀስ ብለው ጋሼ፣ እጄንም ያመኛል» አልኩት።

«ዝም በይ። አጥንት ሲወልቅ እጅም ይሰማዋል።»

ጓደኛዬን ጉልበቴ ላይ እንድትቀመጥ አዘዛት። በአንድ እጁ አገጬን፣ በሌላው ማጅራቴን ያዘ። «ጩኺ» አለኝ፤ «ስትጮኺ ጅማቱ ይላላል።» እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ጠመዘዘው። ጆሮዬ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የጮህኩትን ጩኸት ሰምተው ሩቅ ያሉ አራሾች ቀና ብለው አዩን።

«ወጣ» አለ ወጌሻው፤ እጁንም ሊታጠብ ሄደ።

ስንመለስ ጃንጥላ መያዝ አቃተኝ። ቀኝ እጄ የሰው እጅ ሆነብኝ። በነጋታው መቀሱ ከእጄ ወደቀ፤ በማግስቱም ወደቀ። ኮታዬ ሲጎድል ጓደኛዬ የራሷን ሥራ ጨርሳ በምሳ ሰዓት የኔን ትሰፋልኝ ጀመር። ይህን መካድ አልችልም፤ ደግ ነበረች።

አንገት ማቀፊያውን ያሰበችውም እሷ ናት። ከክር ካርቶን ሰፋ ያለ ቁራጭ ቀደደች፤ ጥጥ ደልድላበት በካኪ ብጥስጣሽ ለበጠችው። ብጥስጣሹ ከወለል ተጠርጎ የሚጣል ነበር። ከኋላ በቁልፍ ተቆለፈልኝ። ጭንቅላቴን የሚሸከምልኝ ሰው የተቀጠረልኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ላዩን በሻሽ ጠቅልዬው ነበር የምሠራው፤ በሳምንቱም ጣቶቼ መንዘራቸውን ቀነሱ።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ አዲስ ፈታሽ ቆማ ነበር። እጇን ሻሼ ውስጥ ሰደደች፤ ደረቅ ነገር ነካች።

«ይህ ምንድነው?»

ሳልመልስ ጎትታ አወለቀችው። ካኪውን ስታይ ጮኸች። ካድሬው መጣ፤ ማቀፊያውን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ለሰልፈኛው ሁሉ አሳየ።

«ግንባር ያሉ ጓዶች ልብስ አጥተው ይህች አንገቷን ታለብሳለች! ማነው የሰፋልሽ?»

ጓደኛዬ ልክ ከኋላዬ ነበረች። ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ዞሬ ላያት ብፈልግም አንገቴ ያለ ማቀፊያው አልታዘዝ አለኝ።

«እኔው ነኝ የሰፋሁት» አልኩ።

ያኔ የጓደኛዬን ድምፅ ሰማሁ። ካድሬው ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው።

«እኔም ተይ ብያት ነበር ጓድ።»

በሕዝብ ንብረት ስርቆት ለቀበሌ ተሰጠሁ። እስር ቤቱ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ነው። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀን በአንድ ጎን ነበር የምንተኛው፤ አንዷ ስትዞር ሁላችንም እንዞራለን። መቼም በጎን መተኛት ለታመመ አንገት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። እዚያ የገባሁ ቀን የአብዮት ጥበቃው ስሜን ጠየቀኝ። መልስ ስሰጠው ቀና ብዬ ባለማየቴ ተቆጣ።

«ወደኔ እዪ!»

«አንገቴን ያመኛል ወንድሜ።»

«የቱ ጋ?»

ሞኝ ነበርኩና በእጄ አሳየሁት። በመዳፉ ጥፊ እዚያው ላይ አሳረፈብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ይመታኝ ነበር፤ አንዳንዴም ሳይመታ እጁን ያነሳና ስሸማቀቅ አይቶ ይስቅ ነበር። ለጓደኞቹም አሳያቸው። መጫወቻቸው ሆንኩ።

በግድግዳው በኩል የምትተኛ አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። ሁሉም ሲስተር ይሏታል፤ ነርስ ናት። አብዮት ጥበቃ የሚፈልገው አንድ የቆሰለ ልጅ ቤቷ ድረስ መጥቶባት ቁስሉን ስለሰፋች ነው የታሰረችው። መጀመሪያ የነገረችኝ ነገር፣ «ቦታውን ለምን አሳየሽው?» የሚል ነው። ከዚያ ልብሴን ከትከሻዬ ዝቅ አድርጋ መመርመር ጀመረች።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንገቴ በወጉ የጠየቀኝ ሰው እሷ ናት። የቱ ጣትሽ ነው የሚደነዝዝሽ? ትንሿ ጣትስ? ሲያስነጥስሽ ይብስብሻል? ጠዋት ነው ማታ? እጇን እንድጨብጥ አድርጋ የቀኙን ከግራው አመዛዘነች። ጫፉ በሾለ የክብሪት እንጨት ክንዴን ከላይ እስከ ታች ነካካችው። በመጨረሻ፣

«ቀኝ መዳፍሽን አናትሽ ላይ አድርጊ» አለችኝ።

አደረግሁ። እንደ አልቃሽ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ቁጭ አልኩ።

«አሁንስ?»

«ቀለለኝ» አልኳት፤ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። «ሲስተር፣ በእግዚአብሔር፣ ቀለለኝ!»

«ጅማት ብቻ አይደለም። ከአንገትሽ አጥንት መሃል የሚወጣው ነርቭ ተጭኖበታል። እጅሽን ስትሰቅዪ ይላላለታል፤ ለዚህ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከእንግዲህ ወጌሻ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ሐኪም ነኝ ባይ ቢሆን አንገትሽን ማንም እንዳይጠመዝዘው። ገባሽ?»

ከዚያ ሕክምናዬ ተጀመረ። ነጠላዋን ጠቅልላ ከማጅራቴ ሥር አደረገችልኝ፤ ከጭንቅላቴ ሥር አይደለም፣ ከማጅራቴ ሥር። በጀርባዬ እንድተኛ በግድግዳው በኩል ያለውን የራሷን ቦታ ለቀቀችልኝ። አንዲት እስረኛ፣ «ለሷ አንገት ብለን እኛ እንቁም?» ብላ ጮኸች፤ ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሲስተር ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ ታሸልብ ነበር። ቀን ግቢ ስንወጣ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሲሞቅ በጨርቅ ጠቅልላ ትከሻዬ ላይ ትይዝልኛለች። እንቅስቃሴም አስተማረችኝ። ጀርባሽን ከግድግዳው አስጠጊ፣ አገጭሽን ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። መዳፍሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ ግፊው፤ ጭንቅላትሽ ግን ንቅንቅ እንዳይል። የትከሻሽን አጥንቶች ከኋላ አገናኚያቸው። አገጬን ስስብ ሁልጊዜ ወደ ታች እደፋ ነበር።

«ወደ ውስጥ ነው ያልኩሽ! ሰው እንደተጸየፈች ሴት።»

«እንዴት ያለች ሴት?»

ፊቷን አኮሳትራ፣ አገጯን ሰብስባ አሳየችኝ፤ በዚያ ቤት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

የበላሁትም የሷን ነው። ለእኔ ምግብ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ አንድም ቀን ብቅ አላለችም። ለሲስተር ግን እናቷ በየቀኑ ከብስራተ ገብርኤል ድረስ በእግሯ ምሳ ታመጣለች። ማየት አይፈቀድላትም፤ ምሳ ዕቃውን በር ላይ ትሰጣለች፣ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ተቀብላ ትሄዳለች። ሲስተር እኩል ታካፍለኝና ዕቃውን በእንጀራ ጠራርጋ ትበላው ነበር። «ባዶ ሆኖ ሲመለስ እናቴ ደስ ይላታል» ትለኝ ነበር። «ካልጨረስኩት ታምማለች ብላ አትተኛም።»

አንገቴ እየተፈታ መጣ። መጀመሪያ የበሩን ጉበን፣ ከዚያ መስኮቱን ለማየት መዞር ቻልኩ። ጣቶቼ ክብሪት መያዝ ቻሉ። ሲስተር ቀን በቀን እየመረመረች እንደ ልጅ እድገት ትከታተለው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በጀርባዬ ተኝቼ፣ እሷ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ እየሳበች ነበር። በሩ ተከፈተ። ያው የሚመታኝ ጥበቃ ነው።

«ሲስተር፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።»

መሳቧን እስክትጨርስ ጭንቅላቴን አልለቀቀችም። ቀስ አድርጋ አሳረፈችኝ። «ቶሎ እንዳትነሺ፣ ያዞርሻል» አለችኝ። ነጠላዋን ከማጅራቴ ሥር አልወሰደችውም። ያቺ ስለ ቦታ የጮኸችው ሴት፣ «ተፈታች! እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። ሌላ ማንም አላጨበጨበም።

በማግስቱ ጥበቃው ሊቆጥረን ሲገባ እጁ ላይ የሲስተር ሰዓት ነበር። ትንሽ የሴት ሰዓት ናት፤ ማሰሪያዋ አልደርስ ብሎት በገመድ ቀጥሎታል። አጨብጭባ የነበረችው ሴት አፏን በሻሿ ያዘች።

እኩለ ቀን ላይ የሲስተር ምሳ መጣ።

ጥበቃው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ክዳኑን ከፈተ። ሽሮና ጎመን ነበር። ከጓደኛው ጋር በሉና የተረፈውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው። «የሲስተርን ምሳ ብሉላት» አለን። መጀመሪያ ማንም አልነካውም። ከዚያ አንዷ እጇን ሰደደች፤ ከዚያ ሁላችንም። ረሃብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ዕቃው ባዶውን ወጣ። በማግስቱም ሌላ ምሳ መጣ፤ ከዚያም በየቀኑ፣ እስከተፈታሁ ድረስ።

ለምን እንደታሰርኩ እንጂ ለምን እንደተፈታሁ የነገረኝ የለም። «ሂጂ» ብቻ አሉኝ። በቀጥታ ፋብሪካ ሄድኩ። ጓደኛዬ የኔ መኪና ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋለች።

«ወደ ኮሌታ አዛወሩኝ» አለችኝ፤ ከመርፌው ላይ ቀና አላለችም። «ዕቃሽን አከራያችን ዘንድ አስቀምጬዋለሁ። ቤቱን ከሌላ ልጅ ጋር ይዘነዋል።»

«ያን ቀን ልዞር አልቻልኩም እንጂ ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

መኪናዋን አቆመች። «ታዲያ ምን ላድርግ? እኔም አብሬሽ ልታሰር?» ብላ መልሳ ፔዳሉን ረገጠችው። ሌላ የተባባልነው የለም፤ ከዚያ ወዲህም አልተነጋገርንም። ሥራዬ ላይ እንደማልመለስ ካድሬው በር ላይ ነገረኝ።

ፉሪ አንዲት የሩቅ ዘመድ ነበረችኝ፤ የቤት ሥራ እየሠራሁላት ጠጋ አልኩ። ክረምቱ ሲወጣ ሆስፒታል ወረፋ ደረሰኝና ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዞ ብዙ አየው።

«እዚህ ጋ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ክፍተት ጠቧል። ነርቭሽን የሚጫነው ይህ ነው። የጠመዘዘሽ ሰው አለ?»

«ወጌሻ።»

«ሽባ ሊያደርግሽ ይችል ነበር።» እጄን አስጨብጦ፣ ክንዴን ነካክቶ ፈተነኝ። «ግን ጉልበትሽ ተመልሷል። ምን ታደርጊ ነበር?»

ጀርባዬን ከግድግዳው አስጠግቼ አሳየሁት። አገጬን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅሁ።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንዲት ሲስተር።»

«የት ሆስፒታል?»

«ሆስፒታል አይደለም» አልኩት። እሱ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ራጁን ወደ ፖስታው መለሰና፣ «በዚሁ ቀጥይ» አለኝ። ከስፌት እንድርቅ መከረኝ። ሌላ ሙያ የለኝም ስለው፣ እንግዲያው ጠረጴዛውን ከፍ፣ በርጩማውን ዝቅ አድርጊው አለ።

ከሆስፒታል ስወጣ ወደ ፉሪ አልተመለስኩም። እስከዚያ ቀን ለመሄድ ፈርቼ የቆየሁትን ቤት ልፈልግ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ። ሲስተር ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር እንዳለው ነግራኝ ነበር። አንኳኳሁ። አጭር፣ እንደ ልጃቸው ቀጭን ሴትዮ ከፈቱልኝ።

«እማማ፣ ከልጅዎ ጋር ታስሬ ነበር።»

ሁለት እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝ፤ ወንበር ሰጡኝ፤ ከፊቴ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ደህና ናት? ትበላለች? ጎመን ትወድልኛለች። አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም። ትናንት እንኳ ሳህኑ ተልሶ ነው የመጣልኝ።»

ትናንት አሉ። ክረምቱ ሙሉ አልፎ።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ልጅዎ እዚያ የለችም። ከወሰዷት ቆየ። እኔ እያለሁ ነው የወሰዷት። ምሳውን የሚበሉት ጥበቃዎቹ ናቸው። የተረፋቸውን ደግሞ እኛ ነበር የምንበላው።»

ምድጃው አጠገብ ያለውን ምሳ ዕቃ አዩት። ታጥቦ፣ ተደፍቶ ነበር። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ቀበሌ ነው የላከሽ። ምግብ እንዳላመጣ ነው። በረሃብ ሊጨርሷት ነው።»

«እማማ፣ በማርያም፣ እኔ...»

«የልጄን ምሳ በልተሽ ደግሞ የለችም ትዪኛለሽ?» ተነስተው በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ገፉኝ። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጡት አላውቅም። «ውጪ! ውጪልኝ ከቤቴ!» በሩ ከኋላዬ ተጋጨ።

ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ምሳ ዕቃውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ወጡ፤ አጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም። እስከ ቀበሌው ድረስ በሩቅ ተከተልኳቸው። በር ላይ የቆመው ጥበቃ እኔ የማላውቀው፣ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ምሳ ዕቃውን ሰጡት፤ ባዶውን ተቀበሉት። ባዶውን ከፍተው ውስጡን አዩና ፈገግ አሉ።

«እናትሽ ሰላም ብላሻለች በላት» አሉት።

«እሺ እማማ» አላቸው፤ ክዳኑን እየከፈተ።